የገደል ማሚቶ በሣጥን ውስጥ



ማሚቶ ማለት ከገደል ወይም ከግድግዳ ጋር ተጋጭቶ የሚመለስ ድምፅ ነው። ይህን ትርጉም ሁላችንም ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ በቃላችን ይዘነዋል፤ ነገ ደግሞ በተራችን ሰሌዳ ላይ ጽፈን ልጆቹን እናስገለብጣለን። ታዲያ አንድ ነቃ ያለ ልጅ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ዘፈን ውስጥ የሚሰማው ኤኮ ከየትኛው ገደል ነው የሚመጣው?» ቢል ምን እንመልሳለን? «በኋላ ትደርስበታለህ» ማለት መልስ አይደለም።

ዛሬ ኤኮ በኮምፒውተር ስሌት ይሠራል፤ በእጅ ስልክ ሳይቀር ይገኛል። ከዚያ በፊት ግን ሞተር፣ ክርና ማግኔት አንድ ሣጥን ውስጥ ተሰባስበው የገደሉን ሥራ ይሠሩ ነበር። እነዚህ አሮጌ መሣሪያዎች ዛሬም በየአገሩ እየተጠገኑ ያገለግላሉ። ሥራቸው ዓይን እያየው የሚከናወን ስለሆነ ለማስተማር ከዘመናዊዎቹ ይልቅ ይመቻሉ ባይ ነኝ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ገደሉ ስንት ሜትር ይርቃል?

በስሌት እንጀምር። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። 34 ሜትር ከሚርቅ ገደል ፊት ቆመን ብንጮህ ድምፃችን 34 ሜትር ሄዶ 34 ሜትር ይመለሳል፤ በድምሩ 68 ሜትር። 68 ለ340 ሲካፈል 0.2 ይሆናል። ስለዚህ ማሚቶው ከጩኸታችን 0.2 ሴኮንድ ዘግይቶ ይሰማል። ገደሉ በእጥፍ ሲርቅ፣ ማለትም 68 ሜትር ሲሆን፣ መዘግየቱም በእጥፍ አድጎ 0.4 ሴኮንድ ይሆናል። ሙዚቀኛ ግን ገደል ተሸክሞ መድረክ ላይ አይወጣም።

መፍትሔው የተገኘው ከቴፕ ሪከርደር ነው። የቴፕ ክር ስስ የፕላስቲክ ጥብጣብ ሆኖ አንድ ፊቱ ኬሚስቶች አይረን ኦክሳይድ በሚሉት፣ በተራ አማርኛ የብረት ዝገት በምንለው ዱቄት የተቀባ ነው። በሪል የሚጠቀለለው የተለመደው ክር ወርዱ 6.35 ሚሊ ሜትር ነው። መቅጃው ሄድ ሽቦ የተጠመጠመበት ትንሽ ኤሌክትሮማግኔት ነው። ድምፁ በማይክራፎን ወይም በጊታር በኩል ወደ ኤሌክትሪክ ተለውጦ ሲመጣ፣ ሄዱ ከፊቱ በሚያልፈው ክር ላይ ያለውን ዱቄት በድምፁ ልክ ማግኔት ያደርገዋል። ክሩ ጉዞውን ይቀጥልና ራቅ ብሎ የተተከለው ማሰሚያ ሄድ ዘንድ ይደርሳል። እዚያ ነገሩ ይገለበጣል፤ የክሩ ማግኔት በሄዱ ጥቅል ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል። ድምፁ እንደገና ተወለደ፤ ግን ዘግይቶ። የክሩ ጫፍና ጫፍ ተያይዞ ቀለበት ስለሆነ ዞሮ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያገኘው ማጥፊያው ሄድ ነው። እሱ የቀድሞውን ድምፅ አጥፍቶ ባዶውን ክር ለመቅጃው ያቀርባል።

አሁን ክሩ በሴኮንድ 19 ሳንቲ ሜትር ይሮጣል፣ በመቅጃውና በማሰሚያው መካከል ደግሞ 3.8 ሳንቲ ሜትር አለ እንበል። 3.8 ለ19 ሲካፈል ስንት ነው? 0.2 ሴኮንድ! ጣት የማታክል ክር የ34 ሜትሩን ገደል ተካች ማለት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ይህን ስሌት በገዛ እጁ ወረቀት ላይ ያልሠራ ሰው የኤኮ መሣሪያ ገብቶኛል ማለት የለበትም።

ከስሌቱ እንደምንረዳው መዘግየቱን ለመለወጥ ያሉት መንገዶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ወይ ርቀቱን መለወጥ፣ ወይ ፍጥነቱን። መሣሪያዎቹን የሠሩት ሰዎች የተለያዩትም እዚህ ላይ ነው።

እያንዳንዱ በየመንገዱ

በ1954 በአሜሪካ ሜምፊስ ከተማ ሳም ፊሊፕስ የተባለው የሰን ስቱዲዮ ባለቤት ኤልቪስ ፕሪስሊን ሲቀዳ ኤኮውን ያገኘው ከሁለት ቴፕ ሪከርደሮች ነበር፤ አንዱ ሲቀዳ የሌላው ዘግይቶ የሚመጣ ድምፅ ይቀላቀልበታል። ይህ ለስቱዲዮ እንጂ ለመድረክ አይሆንም። በዚያው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሬይ በትስ የሚባል ሰው፣ ካይሮ በምትባል የኢሊኖይ ከተማ (የግብጿ አይደለችም) ይኖር የነበረ፣ የክር ኤኮን ከጊታር ማጉያ ሣጥን ውስጥ ከተተው። ስሙንም ኤኮሶኒክ አለው። ቼት አትኪንስና የኤልቪስ ጊታር ተጫዋች የነበረው ስኮቲ ሙር ተጫውተውበታል።

በ1958 በለንደን ቻርሊ ዋትኪንስ ኮፒካት የተባለውን ትንሽ መሣሪያ አወጣ። ሦስት ማሰሚያ ሄዶች በየርቀታቸው ተደርድረው ነበር፤ ተጫዋቹ የፈለገውን ይመርጣል ወይም ያቀላቅላል። በ1959 ደግሞ በኦሃዮ ማይክ ባትል ኤኮፕሌክስን ሠራ። በዚህኛው ሄዱ ራሱ በሐዲድ ላይ ይንሸራተታል፤ ወደ ግራ ወደ ቀኝ በእጅ እየገፉ ርቀቱን መለወጥ ነው። ለክፍል ትምህርት ቢሆን ከሁሉም የምመርጠው ይህን ነበር፤ ምክንያቱም ርቀት ሲጨምር ጊዜ እንደሚጨምር ተማሪው በዓይኑ ያየዋል።

የሚላኑ ቢንሰን ኤኮሬክ ከነጭራሹ ክር የለውም። በክር ፈንታ ማግኔታዊ ሽቦ የተጠመጠመበት ከበሮ መሰል ተሽከርካሪ አለው፤ ሄዶቹ በዙሪያው ተተክለዋል። ፒንክ ፍሎይድ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በብዙ ሥራዎቹ ላይ ይህን ይጠቀም ነበር።

ጃፓናዊው ኢኩታሮ ካኬሃሺ በ1972 ሮላንድን አቋቋመ፤ ድርጅቱ በ1974 አር ኢ 201 የተባለውን «ስፔስ ኤኮ» አወጣ። ይህ ሦስት ማሰሚያ ሄድ አለው፤ በተጨማሪም የሞተሩ ፍጥነት በቁልፍ ይጨመራል፣ ይቀነሳል። ክሩ በሪል አይጠቀለልም። በሚያሳይ ፕላስቲክ በተሸፈነ ጠፍጣፋ ሣጥን ውስጥ እንደ ተልባ እግር እየተጥመዘመዘ ይተኛል፤ የሚጎትተው ዘንግ በአንድ በኩል ይስበዋል፣ በሌላው በኩል ይገፋዋል። መጀመሪያ ያየ ሰው «ተበላሽቶ ተወታትቧል» ነው የሚለው።

ይህ መሣሪያ በኪንግስተን፣ ጃማይካ፣ ትልቅ ስም አግኝቷል። ሊ ፔሪ ብላክ አርክ በተባለው ስቱዲዮው በ1970ዎቹ ኤኮውን እንደ ጀርባ ማድመቂያ ሳይሆን ራሱን እንደቻለ የሙዚቃ መሣሪያ ተጫወተበት። በዚያው ከተማ ኪንግ ተቢ ተብሎ የሚታወቀው ኦዝበርን ሩዶክ ሥራው የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ነበር፤ በኋላ ነው የደብ ሙዚቃ አባት ከሚባሉት አንዱ የሆነው። «ጠጋኝ ሙዚቃ ምን ያውቃል?» ለሚሉ ጓደኞቼ ይህችን ታሪክ ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ።

ድግግሞሹ ለምን ይከሳል?

እስካሁን ያልነው አንድ ማሚቶ ብቻ ነው። ከማሰሚያው የወጣውን ድምፅ ጥቂቱን መልሰን ወደ መቅጃው ብንልከው ግን እሱም ይቀዳል፣ እንደገና ይሰማል፣ እንደገና ይቀዳል። በየዙሩ 60 በመቶው ይመለስ እንበል። የመጀመሪያው ማሚቶ 100 ቢሆን ሁለተኛው 60፣ ሦስተኛው 36፣ አራተኛው 21.6 ይሆናል። በየጊዜው በ0.6 እያባዛን እንሄዳለን፤ ለሒሳብ መምህራን ጥሩ የጂኦሜትሪ ተከታታይ ምሳሌ ነው። የሚመለሰው 100 በመቶ ሲደርስ ማሚቶው አይሞትም፤ ካለፈ ደግሞ እያደገ ሄዶ ጩኸት ይሆናል። ጃማይካውያኑ ይህንኑ ጩኸት ሆን ብለው ይጠቀሙበት ነበር።

የክር ኤኮ በየዙሩ የሚቀንሰው ጉልበት ብቻ አይደለም። ቀጫጭኖቹ ድምፆች ቀድመው ይጠፋሉ፤ ማሚቶው እየራቀ ሲሄድ እየደበዘዘ፣ እየጠየመ ይመጣል። የእውነተኛው ገደል ማሚቶም በርቀት እንደዚሁ ይደበዝዛል። ተራ የዲጂታል ኤኮ ግን ዐሥረኛውን ድግግሞሽ እንደ መጀመሪያው ጥርት አድርጎ ያመጣዋል፤ ስለዚህ መሐንዲሶቹ ዛሬ ሆን ብለው እንዲያደበዝዝ ያደርጉታል። ቦስ የተባለው የሮላንድ ክፍል በ2022 ያወጣው አር ኢ 202 የዚያን የ1974ቱን መሣሪያ ድክመት በስሌት የሚያስመስል ነው። እንዲያው ነገሩ ያስቃል፤ በዘመኑ ጉድለት የተባለው ዛሬ ገንዘብ ያስወጣል።

«ሞቷል» የተባለው መሣሪያ

ባለፈው ክረምት በአጎቴ የሬዲዮና የቴፕ ጥገና ቤት ስረዳ አንድ አንጋፋ ጊታር ተጫዋች አር ኢ 201 በብርድ ልብስ ጠቅልለው ይዘው መጡ። ቀደም ሲል ወስደውት የነበረበት ቦታ «ቦርዱ ተቃጥሏል፤ ለመለዋወጫ ይሽጡት» ብሏቸዋል። ሰውየው ሊሸጡት ቆርጠው ነበር፤ ወደ እኛ ያመጡት ዋጋ ለማስገመት ነው። አጎቴ ግን ዋጋ ከመናገሩ በፊት መሰኪያውን ሰካና ጊታር አስገባበት።

ጊታሩ በቀጥታ ጥርት ብሎ ተሰማ። ኤኮው ግን በጣም ደካማ፣ የታፈነና የሚንቀጠቀጥ ነበር። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ቀጥታው ድምፅ ደህና ከሆነ የኤሌክትሪክ ምንጩና የመግቢያው ማጉያ ይሠራሉ። መምረጫውን ስናዞረው ሦስቱም ማሰሚያ ሄዶች እኩል ደካማ ሆነው ተገኙ። ሦስት ሄድ በአንድ ቀን አይሞትም! ስለዚህ ሦስቱም የሚጋሩትን ነገር መፈለግ ያስፈልጋል፤ ክሩን፣ መቅጃውን፣ የክሩን መንገድ ወይም ከሄዶቹ በኋላ ያለውን የጋራ ማጉያ። ድምፁ መንቀጥቀጡ ደግሞ የጉዞ ችግር እንዳለ ይናገራል። ይህን ለማወቅ አንድም ብሎን አልተፈታም። በላብራቶሪ ትምህርት የሚነገረን «ተመልከት፣ ገምት፣ ፈትን» የሚባለው ይኸው ነው።

ክዳኑ ሲከፈት ክሩ አርጅቶ ቅባቱ ተፋፍቆ ነበር፤ ሄዶቹም በቡናማ ዱቄት ተሸፍነው ነበር። ይህ ቀጭን እድፍ ለምን ያን ያህል ይጎዳል? እንደገና ስሌት። ክሩ በሴኮንድ 19 ሳንቲ ሜትር ሲሮጥ በሴኮንድ 100 ጊዜ የሚርገበገብ ወፍራም ድምፅ በክሩ ላይ የሚይዘው የሞገድ ርዝመት 1.9 ሚሊ ሜትር ነው። 10,000 ጊዜ የሚርገበገበው ቀጭን ድምፅ ግን 0.019 ሚሊ ሜትር ብቻ ይይዛል። እድፉ ክሩን ከሄዱ በዚያችው በ0.019 ሚሊ ሜትር ቢያርቀው ቀጭኑ ድምፅ ከነአካቴው ይጠፋል፤ ወፍራሙ ምንም አልሆነም ማለት ይቻላል። የታፈነ ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሄዶቹን በጥጥና በንጹሕ አልኮል ጠረግናቸው፤ ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ። ብረት ነገር ሄድ ፊት ማቅረብ ክልክል ነው። ክሩን የሚጫነውን ላስቲክ ጎማ ግን በአልኮል ማሸት አይበጅም፤ አልኮል ላስቲክን ያደርቃል። በለስላሳ ሳሙናና በውኃ ያርፋል። ከዚያ በሄዶቹ ላይ በጊዜ ብዛት የተጠራቀመውን ማግኔት ማውጫ በሚባለው መሣሪያ አወጣን። ኤኮው ጠፍቶ ሳለ፣ ማውጫውን ራቅ አድርጎ ማብራት፣ ቀስ ብሎ ማቅረብ፣ ቀስ ብሎ ማራቅ፣ ከራቀ በኋላ ማጥፋት ነው። አጠገቡ እያለ ቢጠፋ ሄዱን ጭራሽ ማግኔት አድርጎት ያርፋል።

አዲስ ክር ገባ። ለዚህ ዓይነት መሣሪያ ክር ዛሬም እየተሠራ ይሸጣል። ጀርባው በተለየ ቅባት የተቀባ መሆን አለበት፤ ያለዚያ በሣጥኑ ውስጥ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ለሌሎቹ መሣሪያዎች ከሪል ቆርጦ ቀለበት መሥራት ይቻላል። ሁለቱ ጫፎች ቀጥ ብለው ሳይሆን በ45 ዲግሪ አግድም ይቆረጣሉ፤ በጀርባ በኩል በመቀጠያ ፕላስተር ይያያዛሉ። ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ መጋጠሚያው በሄዱ ፊት በአንድ ጊዜ ስለሚያልፍ በየዙሩ «ጧ» ይላል። አግድም ሲሆን ግን ቀስ በቀስ ያልፋል። ተራውን የቢሮ ፕላስተር አትጠቀሙ፤ ሙጫው ይፈስና ሄዱን ያበላሻል።

ኤኮው ተመለሰ። መንቀጥቀጡ ግን አልለቀቀም፤ የጎማው ላስቲክ ጠጥሮ ክብነቱን አጥቶ ነበር። እሱ ሲለወጥ ጉዞው ቀና። የቀረው ዝቅተኛ እምምታ ሲሆን ምንጩ በኤሌክትሪክ መስጫው ክፍል ያሉት ኮንደንሰሮች መድረቅ ነበር። እዚህ ላይ ክርክር ተነሣ። አጎቴ «እግረ መንገዳችንን በየቦርዱ ያሉትን ኮንደንሰሮች ሁሉ እንለውጥ፤ ነገ ደግሞ ሌላው ይደርቃል» አለ። ሰውየው ደነገጡ። «የለም የለም፣ ድምፁን እንዳትቀይሩብኝ! ጥርት ያለውማ የልጄ ስልክ ላይ አለ» አሉ።

ሁለቱም እውነት አላቸው። ያረጀ ኮንደንሰር ልኩ ስለሚዛነፍ ድምፁን ይቀይራል፤ ሰውየው የለመዱት ድምፅ ከእርጅናው ጋር ነው። በሌላ በኩል የኤሌክትሪክ መስጫው ኮንደንሰር ሲበላሽ ሌላውን ይዞ ይሞታል። በመጨረሻ የመስጫዎቹ ብቻ ተለወጡ፤ ድምፁ የሚያልፍባቸው እንዳሉ ቀሩ። እኔም የምደግፈው ይህንኑ ነው። የተበላሸውን ጠግን፤ የሚሠራውን ግን ባለቤቱ ካልፈቀደ አትንካ። ሰውየው ዋጋ ማስገመቱን ትተው መሣሪያቸውን በብርድ ልብሱ ጠቅልለው ይዘው ሄዱ።

ጥንቃቄ፦ ይህ ቀልድ አይደለም

እንደነዚህ ያሉ አሮጌ ዕቃዎች በየትምህርት ቤቱ መጋዘን ይገኛሉና ነገ እጃችሁ ይገባሉ። በቱቦ (በቫልቭ) የሚሠሩት የቀድሞ ኤኮዎች በውስጣቸው ከ300 ቮልት በላይ ሊኖራቸው ይችላል። መሰኪያው ከተነቀለ በኋላም ኮንደንሰሮቹ ይህን ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ፤ «ነቅዬዋለሁ» ብሎ እጅ መክተት ሰው ይገድላል። ቻርጁ በሬዚስተር በኩል ከወጣ በኋላ በቮልት መለኪያ ማረጋገጥ ግዴታ ነው። በዊንዳይቨር አገናኝቶ ብልጭ ማድረግ ጀግንነት የሚመስላቸው አሉ፤ ዕቃውንም ሰውየውንም ያበላሻል። ባለሙያ አጠገባችሁ ከሌለ የሣጥኑን ውስጥ አትንኩ፤ የላይኛውን የክር መንገድ ማጽዳት ብቻውን ብዙ ያደርጋል።

ሌላው የቮልት ነገር ነው። ለጃፓን የተሠራ 100፣ ለአሜሪካ የተሠራ 117 ቮልት ይላል። እነዚህን በቀጥታ በእኛ 220 ላይ መሰካት ማቃጠል ነው፤ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ፊውዝ ሲቃጠልም በሽቦ መተካት የለም። ትራንስፎርመር ግን ቮልቱን እንጂ ርግብግቢቱን አይለውጥም። የአሜሪካ መብራት በሴኮንድ 60 ጊዜ፣ የእኛ 50 ጊዜ ይርገበገባል፤ ፍጥነቱን ከዚህ የሚወስድ ሞተር እኛ ዘንድ በአምስት ስድስተኛ ፍጥነት ይዞራል። መሣሪያው አልተበላሸም፤ ኤኮው ብቻ ይዘገያል።

ያለ መሣሪያ ማስተማር

«እኛ የምንመደብበት ትምህርት ቤት ይህ ሁሉ ከየት ይመጣል?» የሚል አይጠፋም። ተራ ካሴት ቴፕ እንኳ ቢኖር አይሆንም፤ በብዙዎቹ አንዱ ሄድ መቅዳቱንም ማሰማቱንም ስለሚሠራ እየቀዱ መስማት አይቻልም። ሦስት ሄድ ያለው ትልቅ ሪል ቴፕ ከተገኘ ግን በሚቀዳበት ጊዜ ከማሰሚያው ሄድ ማዳመጥ በቂ ነው፤ ተማሪው የራሱን ስም ዘግይቶ ይሰማል።

ያም ከሌለ ገመድ አለ። ዐሥር ሜትር ገመድ ጫፍና ጫፉን አስራችሁ ቀለበት አድርጉ፤ ሁለት ተማሪዎች ወጠር አድርገው ይዘው እኩል ፍጥነት እየጠበቁ ያዙሩት። አንድ ተማሪ «መቅጃ» ይሁን፤ እጁን ሲያጨበጭብ ገመዱ ላይ ቀይ ጨርቅ ያስራል። ሁለት ሜትር ርቆ የቆመው «ማሰሚያ» ጨርቁ ፊቱ ሲደርስ ያጨበጭባል። ከመቅጃው በፊት ያለው «ማጥፊያ» ጨርቁ ዞሮ ሲመጣ ይፈታል። ገመዱ በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ቢሄድ ማሚቶው በአራተኛው ሴኮንድ ይመጣል። ሁለተኛ ማሰሚያ አራት ሜትር ላይ ብታቆሙ ኮፒካት ሆነ፤ ማሰሚያውን ወደፊት ወደኋላ ብታንቀሳቅሱት ኤኮፕሌክስ ነው፤ ገመዱን ብታፈጥኑት ደግሞ ስፔስ ኤኮ። ጨርቁን ማሰር ጊዜ ስለሚወስድ በልብስ መቆንጠጫ ቢተካ ይሻላል።

ጥያቄዎች

1ኛ/ ክሩ በሴኮንድ 19 ሳንቲ ሜትር ሲሮጥ፣ በመቅጃውና በማሰሚያው መካከል 5.7 ሳንቲ ሜትር ቢኖር መዘግየቱ ስንት ነው? ስንት ሜትር የሚርቀውን ገደል ይተካል?

2ኛ/ ያው መሣሪያ ለ60 ርግብግቢት የተሠራ ሆኖ በእኛ መብራት ቢሠራ አዲሱ መዘግየት ስንት ይሆናል?

3ኛ/ አንድ ዘፈን በደቂቃ 120 ምት አለው። ማሚቶው በግማሽ ምት እንዲገባ ተፈልጓል፤ በሄዶቹ መካከል ያለው ርቀት 3.8 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ክሩ በምን ፍጥነት መሮጥ አለበት?

መልሳችሁን ከነአሠራሩ ጽፋችሁ ከጋዜጣው ሥር በተንጠለጠለው ፖስታ ውስጥ ክተቱ፤ መልሱ በሚቀጥለው እትም ይወጣል።